ለነዳጅ ጥናት ወጥቼ የጡት እናት ሆኜ ተመለስኩ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ዘንድሮ ሦስተኛ ክረምቱ ነው። ታሪኩን ብዙ ሰው በከፊል ሰምቷል። የሰሙት ሁሉ «እግዜር ደግነትሽን ቆጥሮልሽ ነው ያወጣሽ» ይሉኛል። እኔ ይህን ባሉኝ ቁጥር ዝም እላለሁ። ለምን ዝም እንደምል ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለባለቤቴም ቢሆን። ዛሬ የምጽፈው ለዚህ ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ። የከተማዋንም ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ነው የሚኖሩት።

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ጅማ የቀረ ልብስ ሰፊ ነበር። በሰፈራችን አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምረን በኦሮምኛ ስለምንጨርስ፣ ሁለቱ የተለያዩ ቋንቋዎች መሆናቸውን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ስገባ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ምክንያት በክረምት እረፍት አልፎ አልፎ ለውጭ አገር እንግዶች አስተረጉም ነበር።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ አንድ የማውቀው ሰው ደውሎ የአንድ ቀን ሥራ እንዳለ ነገረኝ። አንድ የውጭ ኩባንያ በእኛ አካባቢ ነዳጅ ለመፈለግ አስቧል። ገንዘቡን ከማፍሰሱ በፊት ግን ቦታው ሰላም መሆኑን፣ የሕዝቡን ስሜት፣ ጫካ ውስጥ የታጠቀ ካለም ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ የሚያጠና ሰው ልኳል። ከጅማ የሦስት ሰዓት መንገድ በሆነች አንዲት ትንሽ የቡና ከተማ አጠገብ፣ ምንጭ ላይ ጥቁር ቅባት ይንሳፈፋል ይባላል። እዚያ ደርሰን፣ ሰዎች አነጋግረን እንመለሳለን። «ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥተሽ ማታ ለእራት ቤትሽ ነሽ» አለኝ።

ልጄ ናሆም ያኔ የስምንት ወር ሕፃን ነበር። ጡት ይጠባል። ለአንድ ቀን የሚበቃውን አልቤ በጠርሙስ ለእናቴ ሰጠሁና ወጣሁ። እንዳይነቃ ብዬ አልሳምኩትም።

ሾፌራችን ሙዘሚል የሚባል፣ እዚያው ጅማ የሰቶ ሰመሮ ሰፈር ልጅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። መንገዱን ሁሉ ሲያወራ ሄደ። እንግዳው ሄንሪክ ይባላል። ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አስፋልቱን ለቀን ኮረኮንቹን ከያዝን በኋላ በየድልድዩ መኪናውን እያስቆመ ይወርድና ድልድዩን ያያል። ሙዘሚል በመስታወት ዓይቶኝ «ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ነዳጅ ነው የሚፈልገው ድልድይ?» አለ። ለሄንሪክ ተረጎምኩለት። «ነዳጅ ቢገኝ የሚወጣው በዚህ ነው። ድልድዩን የያዘ ነዳጁን ያዘ ማለት ነው» አለ። ሙዘሚል ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራም።

ከተማዋ ስንደርስ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተዘጋጅቶልን ነበር። የአካባቢው ኃላፊ ተነስቶ «እዚህ ከጸጥታ አንፃር ቅንጣት ስጋት የለም፤ ሕዝቡ ልማቱን በጉጉት እየጠበቀ ነው» አለ። ሄንሪክ «ታዲያ በሩ ላይ የቆሙት ስምንት ሚሊሻዎች ለምንድን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ኃላፊው ሳቅ ብሎ «ለእንግዳ ክብር ነው» አለ። ሁለቱንም እንደተባለው ተረጎምኩ።

ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። አባ ፊጣ ይባላሉ፤ የቡና ነጋዴና የአገር ሽማግሌ ናቸው። በኦሮምኛ እንዲህ አሉ፦

«ለዚህ ፈረንጅ ንገሪልኝ። የምንጩን ቅባት ከአባቶቻችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ የከብት ቁስል እንቀባበታለን። እስከ ዛሬ አንድ ሰው አልገደለብንም። ከመሬት በታች ብዙ አለ ካላችሁ ግን እኔ እፈራለሁ። አንዱ ይፈርማል። ሌላው ሳልጠየቅ ለምን ተፈረመ ብሎ ይተኩሳል። መሃል ላይ የሚቀረው የእኔ ቡና ነው።»

ኃላፊው ፊቱን አጠቆረ። ሄንሪክ አንገቱን ደፍቶ ረጅም ጊዜ ጻፈ።

ምሳ በልተን ልንነሳ ስንል ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ አይሱዙ ጅማ ሊሄድ ወጥቶ ወደ ኋላ ተመለሰ። የፊት መስታወቱ ተሰንጥቋል። ሾፌሩ ከመኪናው ወርዶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ድልድዩ ጋ ሁለት ትልልቅ ዛፎች መንገዱ ላይ ተጋድመዋል፣ የታጠቁ ሰዎች መልሰውታል። በሌላኛው በኩል ያለው መንገድም እንዲሁ ነው አሉ። ከተማ ውስጥ ወሬው እስኪዳረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሱቆች ተዘጉ። አዳራሹ በር ላይ የነበሩት ሚሊሻዎች የሉም። ኃላፊው በሞተር ብስክሌት በጓሮ ወጣ ተባለ። ለእናቴ ልደውል ስልኬን ሳወጣ ኔትወርክ ጠፍቷል።

ሦስታችን መኪናው አጠገብ ዝናብ እየመታን ቆመን ቀረን። የሚያየን ሰው ሁሉ ዓይኑን ያሸሻል። ያኔ አባ ፊጣ ጃንጥላ ይዘው መጡ። «ኑ፣ መንገድ ላይ አትቁሙ። ዛሬ ስብሰባ ላይ አናግሬያችኋለሁ፤ እንግዶቼ ናችሁ» አሉ።

ግቢያቸው ሰፊ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ የቡና መጋዘን አለ። በክረምት ቡናው ተሸጦ አልቆ፣ ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ የያዙ የተረፉ ጆንያዎች ብቻ በአንድ ጥግ ተደርድረዋል። ሄንሪክና ሙዘሚል ከጆንያዎቹ ጀርባ ፍራሽ ተነጠፈላቸው። መኪናው ቡና በሚሰጣበት ሸራ ተሸፈነ። እኔ ዋናው ቤት ከባለቤታቸው ከእማማ ዘሃራ ጋር ሆንኩ።

የመጀመሪያውን ቀን «ነገ ይከፈታል» እያልን አሳለፍነው። በማግስቱ ጠዋት ጡቶቼ እንደ ድንጋይ ጠጥረው ነበር። ክንዴን ማንሳት አቃተኝ። ትኩሳት ያዘኝ። ጓዳ ገብቼ ላልብ ብሞክርም ከሕመሙ የተነሳ እንባዬ ነው የወረደው። ጅማ ናሆም ጠርሙሱን ጨርሷል፤ እናቴ በር በሩን እያየች ነው። ይህን ሳስብ ወተቱ በራሱ ሸሚዜን አርሶ ይወርዳል።

በዚያ ቤት አንዲት ሕፃን ነበረች። ሐያት ትባላለች፤ ስድስት ወሯ ነው። ከመጣንበት ሰዓት ጀምሮ ለቅሶዋ አላቋረጠም። እናቷ ሰሚራ የቤቱ ምራት ናት። እኛ ከመምጣታችን ከሦስት ቀን በፊት ትርፍ አንጀት ታማ በአምቡላንስ ጅማ ሄዳለች፤ ኦፕራሲዮን ተደርጋለች። ሕፃኗን ለጥቂት ቀን ብላ ለአማቷ ትታ ነው የሄደችው። አሁን መንገዱ ተዘጋ። እማማ ዘሃራ የላም ወተት በውኃ እያቀጠኑ ይሰጧታል፣ እሷ ግን ታስመልሰዋለች፤ ሆዷንም ያስቀምጣታል። ዓይኖቿ ጎድጉደዋል።

እማማ ዘሃራ ጓዳ ገብተው ሸሚዜን አዩ። ክንዳቸው ላይ ያለችውን ልጅ አዩ። እጄን የዘረጋሁት እኔ ነኝ።

ሐያት ለአፍታ ደነገጠች፤ ሽታዬ አዲስ ሆነባት። ከዚያ ያዘች። ትንፋሽ እስኪያጥራት ድረስ እየተንሰቀሰቀች ጠባች። ከሕመሙ ስገላገል እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እማማ ዘሃራ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ሲሉ ይሰማኛል።

ከዚያች ሰዓት በኋላ ሐያት ከእኔ ጋር ሆነች። አምስተኛውን ጊዜ አጥብቻት ስጨርስ እማማ ዘሃራ በጣታቸው ቆጥረው «አምስት ጊዜ ጠግባ ጠብታለች። በሃይማኖታችን ከእንግዲህ እናቷ ነሽ፤ በአገራችንም ወግ እንደዚያው ነው። ወንድ ልጅ አለሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ናሆም ይባላል።»

«እንግዲያው ናሆም ሐያትን ሊያገባት አይችልም። እህቱ ናት» ብለው ሳቁ። በእነዚያ ቀናት ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሙዘሚል ተቁነጠነጠ። መጋዘኑ መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ቀዳዳ ነው። ሄንሪክ ቀን ቀን መውጣት አይችልም፤ ከሩቅ ነው የሚታየው። ሽንት ቤት የሚሄደው የአባ ፊጣን ጋቢ ተከናንቦ፣ ጎንበስ ብሎ ነው። ምሳ ይዤላቸው ስገባ ሙዘሚል ወደ ጥግ ሳበኝና በኦሮምኛ አንሾካሾከ። «ቲቸር፣ እነሱ የሚፈልጉት ፈረንጁን ነው። ነዳጅ ሊወስድ የመጣ ፈረንጅ አለ ተብሎ ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኔና አንቺን ማን ያውቀናል? በቡናው ውስጥ ለውስጥ በእግር እንሂድ። ወላሂ፣ በሁለት ቀን አስፋልት እንደርሳለን። ልጅሽን አስቢ።»

እምቢ አላልኩትም። አሰብኩበት። እውነቱን ለመናገር፣ በልቤ ጫማዬን አድርጌ ነበር።

ሄንሪክ ከጆንያው ላይ ሆኖ በእንግሊዝኛ «ሂዱ» አለኝ። «ቋንቋውን አላውቅም፤ ድምፁን ግን አውቀዋለሁ። ሌላ አገርም ሰምቼዋለሁ። ብትሄዱ አልቀየማችሁም።»

ሙዘሚል መንገዱን ሊያይ ብቻውን ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ተመለሰ። ወንዙ ጋ ሰዎች አሉ። ጆንያ ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። የመሄዱ ነገር በዚያው ቀረ። የቀረሁት ግን መንገድ ስለጠፋ ነው፤ ሄንሪክን ትቼ አልሄድም ብዬ አይደለም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሐያትን እያጠባሁ እማማ ዘሃራን «አባቷስ የት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ገብስ እየለቀሙ ነበር። ቀና ሳይሉ በአገጫቸው ወደ ጫካው አመለከቱ።

«እዚያ ነው። ነዚፍ ይባላል። ሰሚራ አርግዛ እያለች ነው የሄደው። ልጁን አላያትም። አባቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙን አይጠራም።»

ገብሱ ውስጥ ይሯሯጥ የነበረው እጃቸው ቆመ። ለሙዘሚልም ለሄንሪክም አልነገርኳቸውም። ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሐያትን ስታቀፍ የማስበው ነገር ተለወጠ። ያጠባኋት እንደ በፊቱ ነው፤ ልቤ ግን እንደ በፊቱ አልነበረም። ይቺ ልጅ እያለች ማንም አይነካኝም የሚል ነገር ውስጤ ገባ።

በአራተኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ መጡ።

ሐያት ጠብታ ጠግባ አልጋ ላይ ተኝታ ነበር። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሸሚዜን እሰፋለሁ። የግቢው በር በሰደፍ ተመታ። ከደጅ የአባ ፊጣ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የማላውቀው ድምፅ «ነዳጅ ሊወስድ የመጣው ፈረንጅ የታለ?» አለ።

ተነስቼ ወደ አልጋው ሮጥኩ። እማማ ዘሃራ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ተኝታለች እኮ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ጠግባለች።»

ሰምቻቸዋለሁ። ክንዴን መንጭቄ ልጅቱን ከእንቅልፏ አነሳኋት። ደንግጣ ጮኸች። ሸሚዜን ከፍቼ ጡቴን አፏ ውስጥ ከተትኩ። አልፈልግም ብላ ፊቷን አዞረች፤ መለስኳት። እንደገና አዞረች፤ እንደገና መለስኳት። እነሱ በሩን ከፍተው ሲገቡ ይዛ ነበር።

አራት ሆነው ነው የገቡት፤ ልብሳቸው በዝናብ ርሷል። አለቃቸው አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ፂሙ ያደገ ሰው ነው። አባ ፊጣ ከኋላቸው ገቡ። አለቃው መሣሪያውን ወደ እኔ ጠቆም አድርጎ እማማ ዘሃራን «ይቺ ማን ናት?» አላቸው። እኔ ነኝ የመለስኩት፣ በኦሮምኛ፦

«የዚች ልጅ እናት ነኝ።»

በሩ አጠገብ የቆመ አንድ ቀጭን ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ጡቴ፣ ወደ ሕፃኗ አየ። ማን እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም፤ ግንባሩ የሐያት ግንባር ነው።

«ውሸቷን ነው» አለ አለቃው። «የዚች እናት ጅማ ሆስፒታል ናት።»

እማማ ዘሃራ ያኔ ተናገሩ። «ውሸቷን አይደለም። ልጅቱ ልትሞት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ያጠባቻት እሷ ናት። እናቷ ናት» አሉ። ይህን ሲሉ እኔን አላዩኝም።

ሄንሪክን ከመጋዘን አመጡት። ሙዘሚል ከኋላው መጣ። አለቃው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ «አስተርጉሚ» አለኝ። ሐያትን እንዳቀፍኩ አስተረጎምኩ።

«ለምን እንደመጣ ጠይቂው።»

ሄንሪክ «ኩባንያው እዚህ ገንዘቡን ማፍሰስ ይችል እንደሆነ ላጣራ ነው» አለ።

«እንግዲያው ይህን ይጻፍ። እዚህ መሬት ላይ እኛን ዘሎ የተፈረመ ወረቀት ወረቀት አይደለም። ማሽን ያመጣ ማሽኑን ያጣል፣ ሰው ያመጣ ሰውየውን ያጣል።»

ተረጎምኩት። ሄንሪክ ሁሉንም ሰማና «ከእናንተም ጋር ቢነጋገሩስ?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ልተርጉመው አልተርጉመው ተቸገርኩ። ተረጎምኩት። አለቃው ራሱን ነቀነቀ። «ከእኛ ጋር ቢነጋገር፣ ነገ ደግሞ ከእኛ ጋር ተነጋገረ ብለው እነዚያ የመንግሥቶቹ ይገድሉታል» አለ። ከዚያ ተነስቶ «ይሄ ከእኛ ጋር ይሄዳል» አለ።

አባ ፊጣ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። «እንግዳዬን ከቤቴ የምታወጣው እኔን እዚህ ቀብረህ ነው» አሉ። አልጮኹም። አለቃው «አባ ፊጣ፣ እርስዎን እናከብራለን፤ ግን ዞር ይበሉ» አላቸው። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። ከታጣቂዎቹ የአንዱ ጣት መሣሪያው ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሐያትን ከመጠን በላይ ሳልጨምቃት አልቀረሁም፤ ጡቱን ለቃ አለቀሰች።

ነዚፍ ያኔ ነው የተናገረው። አባቱን አላያቸውም፣ አባቱም አላዩትም። ለአለቃው «እሷ የልጄ የጡት እናት ናት» አለ። «አብረዋት የመጡት ከእሷ ጋር ይመለሱ። ይህን ካደረግህልኝ ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

አለቃው ነዚፍን አስከትሎ ወጣ። ግቢ ውስጥ ዝናብ እየመታቸው ሁለቱ ቆመው ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። እኛ ቤት ውስጥ ማንም ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ሲመለስ «ነገ ጠዋት በእግራችሁ ትሄዳላችሁ። መኪናው ይቀራል። ፈረንጁ ዳግም እዚህ ከመጣ ግን ጡትም አያድነውም» አለ።

በማግስቱ ጠዋት እስከ አስፋልቱ የሚያደርሰን ነዚፍ ነበር። ከመውጣታችን በፊት ልጁን ልስጠው አልኩ። መሣሪያውን ከትከሻው አውርዶ የሚያስቀምጥበት አጣ፤ ሙዘሚል እጁን ዘርግቶ ተቀበለው። ያ ሲቁነጠነጥ የነበረ ሰው መሣሪያውን እንደ ትኩስ ድስት ይዞ ቆመ። ነዚፍ ሐያትን አንገቷን ሳይደግፍ ያዛት። «አንገቷን» አልኩት። ደገፋት። ብዙ አላቆያትም።

እማማ ዘሃራ እስከ በሩ ሸኙኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፣ አልጠየቅኳቸውም። የማስበውን ያወቁ መሰለኝ። ነጠላዬን አስተካክለው «እኔም ብሆን አነሳት ነበር» አሉኝ። ሐያት ከውስጥ እያለቀሰች ነበር። ያን ለቅሶ ከጀርባዬ ትቼ ነው የሄድኩት።

ሁለት ቀን በቡና ጫካና በጭቃ ተጉዘን አስፋልት ደረስን። ነዚፍ መንገዱን ሁሉ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያናገረኝ። አንዴ «ሰሚራ የት እንዳለች ታገኛታለሽ?» አለኝ። አንዴ ደግሞ ጥርስ አውጥታ እንደሆነ ጠየቀኝ። ገና ነው አልኩት።

ቤቴ ስደርስ ናሆም ፊቱን አዞረብኝ። በአምስት ቀን ውስጥ የቆርቆሮ ወተት ለምዷል። ጡቴን ሳቀርብለት ጮኾ ወደ እናቴ ዘረጋ። ሁለት ሳምንት ሞከርኩ፤ ከዚያ በኋላ ጠብቶ አያውቅም።

ሰሚራን አገኘኋት። ከሆስፒታል ወጥታ ዘመዶቿ ቤት ነበረች። ስለ ልጇ ስነግራት ተንበርክካ እጄን ሳመች። መንገዱ የተከፈተው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እነዚያን ሦስት ሳምንታት ሐያት በምን እንደተረፈች አላውቅም፤ ግን ተርፋ ጠበቀቻት።

ሄንሪክ አገሩ ከገባ በኋላ ሪፖርቱን ከመላኩ በፊት ጻፈልኝ። ያዳነንን ነገር መጻፍ ይፈልጋል። እኔ ለመንኩት። የአባ ፊጣ ልጅ ጫካ መሆኑ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ሽማግሌው አይተርፉም አልኩት። ቃሉን ጠበቀ። የላከልኝ ሪፖርት ስለ እነዚያ ቀናት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ያለው፦ መንገድ በመዘጋቱ ሥራው ተስተጓጉሏል ይላል። ከሥሩ «ስጋት» በሚለው ሳጥን ውስጥ «ከፍተኛ» ተብሏል። ኩባንያው አልመጣም። አንዳንድ የዚያ አገር ሰው «ያቺ አስተርጓሚ ናት ነዳጃችንን ያስቀረችው» ይላል አሉ። ሌላው ደግሞ «እንኳን ቀረ» ይላል። የትኛው ልክ እንደሆነ እኔ አላውቅም። ስለ ነዚፍ ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ነገር የለም። አባ ፊጣ ሲደውሉልኝ ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው ነው የሚያወሩኝ፣ እኔም አልጠይቃቸውም።

አሁን በየኢዱ ሰሚራ ትደውልልኛለች። ሐያትን ስልኩ ላይ ታቀርብልኝና ልጅቱ በኦሮምኛ «እማዬ» ትለኛለች። ከዚያ ሰሚራ ተቀብላ ትመርቀኛለች፦ ልጄን ከሞት ያተረፍሽ፣ አላህ ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ ደግነትሽን አላህ ይክፈልሽ ትለኛለች። የመጀመሪያውን ቀን ያጠባኋት አሞኝ ነው። የመጨረሻውን ቀን ያነሳኋት ፈርቼ፣ እሷን ጋሻ አድርጌ ነው። በመሃል ያሉት ቀናት የማን እንደሆኑ፣ የእሷ ይሁኑ የእኔ፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። አንድ ቀን ለሰሚራ እነግራታለሁ እላለሁ። እስካሁን ግን ምርቃቷን ጨርሳ ዝም ስትል፣ እኔም ስልኩን ይዤ ትንሽ እቆይና «አሜን» እላታለሁ።